ሁለት ሰዓት ሲካፈል ለሁለት

ሂሳብ ጥሩ ነገር ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔን ግን በዕድሜዬ እንደ ሂሳብ ጉድ የሠራኝ የለም። ደግሞ ተሳስቼ ቢሆን እኮ አይቆጨኝም ነበር! ትክክል ሆኜ ነው ጉድ የፈላብኝ። ሁለትን ለሁለት አካፈልኩ፣ አንድ መጣልኝ። የትኛውም አስተማሪ «ጎበዝ» ብሎ የሚመልሰው መልስ ነው። በዚያች አንድ ምክንያት ግን ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች መቀመጫቸው ተላጠ፣ አጎቴ በሰው ሳሎን ውስጥ እንደ ምሰሶ ቆመው ዋሉ፣ እኔም የማገባትን ልጅ ለጥቂት አጥቼ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። የምኖረው ሞያሌ ነው፣ በኬንያው በኩል። ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ ከወዲያ እየተቀበልኩ ናይሮቢ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሎሪ እልካለሁ። ሞያሌን ለማያውቅ ሰው፦ ከአዲስ አበባ ብትነሱ እኛ ጋ ለመድረስ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከናይሮቢ ብትነሱም ያው ነው። ሁለቱን ከተሞች በገመድ ብታስሯቸው ቋጠሮው ላይ ያለነው እኛ ነን። ልዩነቱ፣ በአዲስ አበባ በኩል ያለው አስፋልት ነው፤ በናይሮቢ በኩል ያለው ግን በዚያን ጊዜ መንገድ ለመባል ሦስት ምስክር ያስፈልገው ነበር። ድንጋይ ነው፣ አቧራ ነው፣ ሽፍታ ነው፣ ከዚያ እንደገና ድንጋይ ነው።

በየቀኑ ደግሞ ከአናታችን በላይ አውሮፕላን ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ። ነጭ መስመሩን እያሰመረ፣ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ውልብ ይላል። ሰው ሥራውን አቁሞ አንጋጦ ያያል። «ይሄኔ ምሳ እያደሉ ነው» ይላል አንዱ። «ዶሮ ነው ሥጋ?» ይላል ሌላው። ዓለም ከላያችን ምሳ እየበላች ታልፋለች፣ እኛ ከታች የምሳውን ዓይነት እንገምታለን።

ልጅቱ ራሔል ትባላለች። አባቷ አቶ ዘውዴ ናይሮቢ ትልቅ ምግብ ቤት አላቸው። በርበሬ ደንበኛዬ ናቸው። ስልክ የምታነሳው እሷ ነበረች። «በርበሬው ደረሰ?» እላለሁ። «አልደረሰም» ትላለች። በማግስቱ እንደገና እደውላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በርበሬው ገና ከሱቄ ሳይወጣም እየደወልኩ ደርሷል ወይ እላት ነበር። ኋላ ናይሮቢ ሄጄ በአካል ሳያት ነገሩ የባሰ ሆነ። እሷም ነገሩ ገብቷት ነበር። «በርበሬው ከሚደርስ አንተ ብትደርስ ይሻላል» ያለችኝ ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ።

ችግሩ አባትዬው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንድ ልጅ ያለው አባት ናቸው፣ እሱ ይበቃል። ራሔል ነገረችኝ። «አባዬ እኮ አንተን አልጠላህም። የሚያስፈራው ርቀቱ ነው። ስትናፍቀኝ ሄጄ የማላያት፣ ስታመም ሄጄ የማልደርስላት ሀገር ልጄን አልሰጥም ብሏል።»

በዚያን ጊዜ ሞባይል ሞያሌ ቢገባም ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ነበር፤ የፈለገው ቤት ብቻ ነው የሚገባው። እኛ ሰፈር የሚገኘው በጋሽ በየነ ሆቴል ጣሪያ ላይ ነው። ጋሽ በየነ ከደብረ ብርሃን መጥተው ሞያሌ የከረሙ ባለሆቴል ናቸው። ጣሪያቸው ላይ ወጥቶ በነፃ ማነጋገር ይቻላል፤ ታች ወርዶ ግን ቢያንስ አንድ ሻይ መጠጣት ግዴታ ነው። አንድ ረቡዕ ቀን እዚያ ጣሪያ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አቶ ዘውዴ ናቸው፣ ራሳቸው።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይሄ ሞያሌ የምትሉት አገር ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?»

ሦስት ቀን ነው ብል ነገሩ እዚያው አለቀ። ወደ ሰማይ አንጋጠጥኩ፣ ለጸሎት። ምን ይታየኛል? ያ አውሮፕላን! ነጭ መስመሩን እያሰመረ ልክ ከአናቴ በላይ። እግዜር ራሱ መልሱን የላከልኝ መሰለኝ።

«ጌታዬ፣ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ሰዓት ነዋ።»

«እኛ ልክ መሀሉ ላይ ነን።»

«እና?»

«እናማ አንድ ሰዓት ነዋ!»

ሲያካፍሉ ይሰማኛል።

«ምነው ታዲያ በርበሬዬ ሳምንት የሚፈጅበት?»

«በርበሬ እኮ ነው ጋሼ! በርበሬን ማን አውሮፕላን ያሳፍረዋል?»

ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። «እንዲህ ቅርብ ከሆነማ ምን ያጓትተናል?» አሉ። «ሽማግሌዎችህ የፊታችን እሁድ ይምጡ።» ስልኩን ዘጉት። የፊታችን እሁድ! ከጣሪያው የወረድኩት በደረጃ ይሁን በመውደቅ አላስታውስም።

ጋሽ በየነ ታሪኩን ሰምተው ሻዬን እንኳ ረሱት። «ሽማግሌ እንግዲህ ሦስት ነው» አሉ። «ሁለት ከሆነ ምስክር ነው፣ አራት ከሆነ ዕድር ነው። ሦስት መሆን አለበት።» አንዱ እሳቸው ሆኑ። ሁለተኛው ሐጂ ጋልማ ናቸው፣ የቦረና ከብት ነጋዴ። ኦዳ በሚባለው መንደር በኩል ሁለት ሰው ተጣልቶ ሳያስታርቁ የቀሩበት ጊዜ የለም። ሙስሊም ለክርስቲያን ሽማግሌ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሞያሌ አልኖረም። ሦስተኛው አዲስ አበባ ያሉት ጡረተኛው አጎቴ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ደወልኩላቸው። በሕይወታቸው አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ ትኬቱን እልክልዎታለሁ ስላቸው ለኔ ጋብቻ ይሁን ለራሳቸው በረራ ሳይታወቅ እልል አሉ። «ቅዳሜ እበራለሁ፣ እሁድ ጠዋት ከአባትዬው በር እንገናኝ። እናንተማ ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ፤ ቀድማችሁኝ እንዳትገቡ!» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ሐሙስ ዕለት ተስፋ መጣች። የእርዳታ ድርጅት ትንሽ አውሮፕላን መድኃኒት ይዛ ታርፋለች ተባለ። ከሜዳው ላይ ፍየሎች እስኪባረሩ ድረስ ሁለቱን ሽማግሌዎች አሰማምሬ አቀረብኩ። ጋሽ በየነ በሙሉ ሱፍ፣ ሐጂ ጋልማ በነጭ ካንዙ ቀሚስ ከነባርኔጣቸው። አብራሪውን ለመንኩት። ያልለመንኩበት ቋንቋ የለም፤ በስዋሂሊ ጀምሬ፣ በእንግሊዝኛ አልፌ፣ በመጨረሻ በአማርኛ አለቀስኩ። ሦስት ባዶ ቦታ ነበረው። «ሃያ፣ ግቡ» አለ፤ በስዋሂሊ «እሺ» ማለቱ ነው! ጋሽ በየነ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ ሳያሳርፉ ከኡራን መንደር በኩል አቧራ አስነስታ አንዲት ፒካፕ ደረሰች። ከኋላዋ ፍራሽ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ተኝታለች፣ ባሏና እናቷ ላብ በላብ ሆነው ደግፈዋታል። ሦስት ሰው።

ሐጂ ጋልማ ካንዙዋቸውን ሰብስበው ወደ ፍራሹ ሄዱ። «ምን ቆመሃል? በእግሯ በኩል ያዝ እንጂ!» ብለው ጮሁብኝ። ተሸክመን አስገባናት። ኋላ እንደሰማነው በአንድ ሰዓት ናይሮቢ ገብታ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። አያችሁ? አንድ ሰዓት ነው! አልዋሸሁም። የተሳፈርኩት እኔ ስላልሆንኩ ብቻ ነው።

ስለዚህ አርብ ንጋት ላይ የከብት ሎሪ። ሎሪ ላይ ሁለት ዓይነት ቦታ አለ። ከታች ከብቱ ይቆማል፤ ከላይ፣ ከከብቱ ቀንድ በላይ፣ ብረቶች ተጋድመዋል፣ ሰው እነሱ ላይ ይቀመጣል። ከሹፌሩ ጎን ደግሞ አንዲት ወንበር፣ ስፖንጅ ያላት፣ ጀርባ መደገፊያ ያላት። ሹፌሩ ኪማኒ ሽማግሌ የሚያከብር ሰው ስለነበር «ይቺን ለአንዱ ምዜ ይዤለታለሁ» አለኝ፤ ምዜ የሚሉት ሽማግሌን ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተት የተሠራው፣ በኛ ሰዎች ካልሆነ በማንም የማይሠራ ስህተት።

«ሐጂ፣ ግባ» አሉ ጋሽ በየነ።

«አስታግፊሩላህ! አንተ እያለህ? ግባ በየነ።»

«ኧረ በፈጠረህ! በዕድሜ ትበልጠኛለህ።»

«በዕድሜ ብበልጥ በወገብ ሕመም አንተ ትበልጣለህ። ግባ ብያለሁ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«እኔ ቀድሜህ!»

እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዱ የአንዱን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ሲገፋ፣ ሌላው እግሩን ተክሎ ሲያፈገፍግ፣ አንዲት ሴትዮ ሁለት ዶሮ ታቅፋ በመሀላቸው ሾልካ ገባች፣ ወንበሯ ላይ ተደላድላ በሩን ዘጋች። «አሳንቴ» አለች በመስኮት፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ እንደተያያዙ ቀሩ። ዶሮዎቹ እስከ ኢሲዮሎ ስፖንጅ ላይ ተጓዙ፣ የኔ ሽማግሌዎች ብረት ላይ።

ብረት እንዴት እንደሚያስቀምጥ ልግለጽላችሁ? አልገልጽም። ጨዋ ሰው ያነበዋል። ብቻ መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ጋሽ በየነ «ማርያም!» ሐጂ ጋልማ «ያ ረቢ!» እያሉ፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች በየጉድጓዱ ይጠሩ ነበር። ከሥራችን በሬዎቹ ጭራቸውን እያወናጨፉ የምታውቁትን ነገር ይረጩናል። የኔን አዲስ ሱፍ በፌስታል ጠቅልዬ አቅፌ ነበር፤ ቱርቢ ጋ አንዱ ጉድጓድ ከእጄ ነጠቀኝና በሬዎቹ መሀል ገባ። ወርጄ እንዳላወጣው ቀንድ፣ እንዳልተወው ሱፍ። ተውኩት። በሬዎቹ ናይሮቢ ድረስ እየተፈራረቁ ለበሱት።

ቅዳሜ፣ ዲዳ ገልገሉ። እንኳን ዛፍ፣ ጥላ የሚጥል ቁመት ያለው ድንጋይ እንኳ የማይገኝበት ምድረ በዳ። ጎማችን እዚያ ፈነዳ። መለዋወጫው ሲገጠም እሱም ፈነዳ፣ ለጓደኛው አዝኖ መሰለኝ። ሽፍታ ስለሚፈራ ተሰብስበን ነበር የምንጓዘው፤ አጃቢዎቹ አስካሪዎች፣ ፖሊሶቹ ማለት ነው፣ ሌሎቹን መኪናዎች ይዘው ማርሳቢት ድረስ ሄደው ጎማ እንዲልኩልን ተደረገ። በየጊዜው «ኪማኒ፣ መጣ?» እላለሁ። «ባዶ» ይለኛል። በስዋሂሊ «ገና ነው» ማለት ነው፤ እኔ ግን አድማሱን ሳየው በአማርኛውም ልክ ነበር።

ፀሐይ አናታችንን ስትበሳ ያ ድምፅ መጣ። አውሮፕላኑ! ነጭ መስመሩን እያሰመረ፣ ረጋ ብሎ።

«ታፈሰ ነው!» ብለው ጋሽ በየነ ከተጎለቱበት ድንጋይ ዘለው ተነሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው ማውለብለብ ጀመሩ። «ታፈሰ! ታፈሰ! እዚህ ነን!»

«በየነ፣ አብደሃል?» አሉ ሐጂ ጋልማ። «ያይሃል?»

«ባያየኝስ? እኔ አየሁት አይደለም እንዴ! ሰው ሲያልፍ እጅ ይነሳል።»

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ተነስተው እሳቸውም በትራቸውን ከፍ አድርገው አውለበለቡ። እኔም አውለበለብኩ። ኪማኒም ነገሩ ሳይገባው አውለበለበ። ሴትዮዋ ብቻ ዶሮዎቿን ይዛ ከወንበሯ አልተነሳችም። ተነስታ ብትሆን ኖሮ ገብቼላት ነበር።

ማርሳቢት የገባነው እሁድ ነው። ስልኬ ነፍስ እንደዘራ ራሔል ደወለች። እየሳቀች ነው እንዳልል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ እያለቀሰች ነው እንዳልል ትስቃለች።

«የት ነህ አንተ? አጎትህ ከጠዋት ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ ቆመዋል!»

«ለምን አይቀመጡም?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ጓደኞቼ ሳይመጡ፣ ጉዳዬም መልስ ሳያገኝ አልቀመጥም ብለዋል። አባዬ እንደ እንግዳ ይቀመጡ ቢላቸው እኔ ሽማግሌ እንጂ እንግዳ አይደለሁም አሉ። እናቴ በቁማቸው ልታጎርሳቸው ነው። አባዬ ደግሞ ሰዓቱን እያየ አንድ ሰዓት አይደለም እንዴ የሚለው እያለ ነው። ምን ልበለው?»

«ደመና ነው በይው።»

«ውጪ ፀሐይ ነው!» ብላ ዘጋችው። ውሸቴ እኔን ጥሎ ቀድሞኝ ናይሮቢ ገብቷል።

ጋሽ ታፈሰ ማታ ወደ ተከራዩት አልጋ ሄደው ሰኞ ጠዋት ተመልሰው መጡ፣ እንደገና ቆሙ። እኛ ረፋዱ ላይ ደረስን። መታጠብ አሰብን፣ ልብስ መቀየር አሰብን። ሐጂ ጋልማ ግን «ሰው ቆሞ እየጠበቀን እኛ ሳሙና እንፈልጋለን? ሂድ ንዳ!» አሉ። ኪማኒ ሎሪውን ከነከብቱ አቶ ዘውዴ በር ላይ አቆመው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ሽማግሌ የላከ ሁሉ በታክሲ ይልካል። እኔ የላክሁት ከሃያ በሬ ጋር ነው። ጎረቤት «ጥሎሹ በዛ» ሳይል አልቀረም።

ሙሽራው ከሽማግሌዎች ጋር አይገባም፣ ወጉ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው አጥር ኋላ ተደብቄ በቀዳዳ ማየት ያዝኩ። በረንዳው ላይ የሳሎኑ በር ክፍት ነው፣ ሁሉም ይታያል።

«ቤቶች!» አሉ ጋሽ በየነ።

አቶ ዘውዴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጠረኑ ቀድሞ ስለገባ አፍንጫቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጨዋ ሰው ናቸው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም!» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ ያውም ከልባቸው። በሕይወቴ እንዲያ ከልቡ አልቀመጥም ያለ ሽማግሌ አላየሁም።

ሦስቱ ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሽ ታፈሰ በንፁህ ሱፍ፣ ሁለቱ በአቧራና በበሬ። ጉዳዩን ተናገሩ፤ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።» አቶ ዘውዴ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ያላሰብኩት ነገር ከኋላዬ መጣ፤ የሰፈሩ ውሻ። ቢጮህብኝ ሮጬ ነበር። አልጮኸም። አሸተተኝ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ሱሪዬን ይልሰኝ ጀመር። እሱን ስገፋ ቆርቆሮው ላይ ወደቅኩ፤ ቆርቆሮውም ከኔ ጋር ወደ ግቢው ወደቀ። ከሳሎኑ ፊት ለፊት፣ ከነውሻዬ፣ ሬሳ መስዬ ተዘረጋሁ።

አቶ ዘውዴ በረንዳው ላይ ወጡ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ በሩ ላይ የቆመውን ሎሪ አዩት።

«አንድ ሰዓት ነው ያልከኝ አንተ ነህ?»

ራሔል ከመስኮቱ ኋላ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። እሷን ሳይ ብልሃቴ ሁሉ ጠፋኝ። «በሰማይ ነው ጌታዬ» አልኩ። «በምድር ሦስት ቀን ነው፣ ጎማ ከፈነዳ አራት። ሩቅ ነው ብል አይሰጡኝም ብዬ ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ልጄ ስትናፍቀኝ በየት በኩል ነው የማያት? በሰማይ ነው?»

እውነት ነዋ! የሰው አንድ ልጅ ነች። ያኔ ነው ያጣኋት የመሰለኝ። የተናገሩት ሐጂ ጋልማ ናቸው።

«አቶ ዘውዴ» አሉ፣ «ልጁ ዋሽቷል፣ ጥፋተኛ ነው። ሐሙስ ዕለት ግን አውሮፕላን አግኝቶ ነበር። ለምጥ ሴት ለቀቀ። በማግስቱ በብረት ላይ ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን። ሩቅ አገር ማለት ሰው የማይመጣበት አገር ነው። ይሄው፣ ከኛ አገር ሰው ይመጣል። ለሰርግህም ይመጣል፣ ለለቅሶህም ይመጣል። ጠረኑን ብቻ ቻለው።»

ውሻው መላሱን አላቆመም። አቶ ዘውዴ የበረንዳውን ምሰሶ ያዙ። «ጥሩ» አሉ። «ሰምቻለሁ። እንግዲህ እንደ ወጉ ዘመድ እንማከር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ።»

ለሌላ ሽማግሌ ቢሆን ይሄ የምሥራች ነው። የሴት አባት በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ ቀጠሮ ከሰጠ ልቡ ወዷል ማለት ነው። የኔ ሽማግሌዎች ግን ብቅ በሉ የሚለውን ሲሰሙ ያ ብረት ታያቸው። ጋሽ በየነ እጃቸውን ዘረጉ። «ጌታው፣ ስለ እመቤቴ! ግደሉን እንጂ አትቅጠሩን!»

«ምን ላድርግ ወንድሜ?» አሉ አቶ ዘውዴ ተጨንቀው። «በአንድ ጊዜ እሺ ብል ሰው ምን ይላል? ልጁን ሊያራግፍ ቸኩሎ ነበር አይባልም?»

«ሰው ስንት ጊዜ መጡ ይላል እንጂ በስንት ቀን መጡ አይልም» አሉ ሐጂ ጋልማ። «አሁን እንወጣለን፣ እንመለሳለን። ሁለት ጊዜ አይሆንም?»

አቶ ዘውዴ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው ጣሪያውን አዩ። «ይሆናል መሰለኝ» አሉ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በክብር ተሰናበቱ። «ደህና ዋሉ፣ በቀጠሮው እንመለሳለን» ብለው ከበሩ ወጡ። ከሎሪው ጎን ቆመው አንድ ሲጋራ የሚያልቅበትን ያህል በሬዎቹን ሲያዩ ቆዩ። ኪማኒ «ቀናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። «ባዶ» አልኩት። ከዚያ እንደገና፦

«ቤቶች!»

«ኧረ ግቡ! እንዴት ከረማችሁ?» አሉ አቶ ዘውዴ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ ጥሩ ነበር» አሉ ጋሽ በየነ፣ በዚያ ሁሉ ጉዞ የተናገሯት ብቸኛ ውሸት።

«ዘመድ ተማክሯል» አሉ አቶ ዘውዴ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ይባርካቸው።» እልልታ ቀለጠ። ራሔል ሮጣ መጥታ ልታቅፈኝ ስትል አፍንጫዋን ይዛ ቆመች፣ ከዚያ ግድ የለም ብላ አቀፈችኝ። «በሉ እንግዲህ፣ አሁንማ ተቀመጡ!» አሉ አባቷ።

ጋሽ ታፈሰ ሁለት ቀን በናፈቁት ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ጋሽ በየነና ሐጂ ጋልማ ግን ተያዩ። «ካልከፋህ ወንድሜ» አሉ ሐጂ፣ «እኛ ቆመን እንብላ።»

ይኸው ራሔል ሞያሌ ከገባች ዓመት አለፋት። መንገዱን ከኢሲዮሎ በኩል አስፋልት ማልበስ ጀምረዋል፤ እየመጣ ነው ይላሉ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ በርበሬዬ። አቶ ዘውዴ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሎሪ አይችሉም። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። እሷ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ስልኩን ስትዘጋ ለጥቂት ጊዜ ወደ ደቡብ ታያለች።

ባለፈው ለወንድማቸው ልጅ ሰርግ ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ሆነ። «ከላያችሁ ነው የማልፈው!» ብለው ደወሉ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው። ተስማሙ። እሷ በጋሽ በየነ ጣሪያ ላይ የሆቴሉን ቀይ ብርድ ልብስ ትዘረጋለች፣ እሳቸው በመስኮት ያያሉ። ምን ይታይ ብላችሁ ነው? ከዚያ ከፍታ ሞያሌ ራሷ መታየቷን እጠራጠራለሁ። ግን ማን ይናገራል?

በቀኑ ቀይ ብርድ ልብሱ የለም። ሌሊት ያደረ እንግዳ ጠቅልሎት በንጋት ሎሪ ሄዷል። ጋሽ በየነ እየተራገሙ ያገኙትን አረንጓዴ አንሶላ ሰጡን። ራሔል ከናይሮቢ ተነሳሁ ካሏት ጀምሮ ሰዓቷን ይዛ ጣሪያው ላይ ቆማለች። ልክ በአንድ ሰዓቱ ነጭ መስመሩ ብቅ አለ። «አላልኩም?» አልኳት። አልሰማችኝም። አንሶላውን በሁለት እጇ ዘርግታ ከላይ እስኪጠፋ ድረስ እያውለበለበች «አባዬ! አባዬ!» ትላለች። ታች ጋሽ በየነ ኮፍያቸውን፣ ሐጂ ጋልማ በትራቸውን ያወዛውዛሉ።

ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ደወሉ። በስልኩ ሲጮሁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«ልጄ! አየሁሽ! በእናቴ ስም በመስኮት አየሁሽ! ቀዩ ብርድ ልብስ ወለል ብሎ ታየኝ!»

ራሔል ክንዷ ላይ የተጣጠፈውን አረንጓዴ አንሶላ አየችው። እኔን አየችኝ።

«አዎ አባዬ» አለች። «ቀዩን ነው የዘረጋሁልህ።»

ስልኩን ዘግታ ዓይኗን በአንሶላው ጫፍ ጠረገች። «አየኝ እኮ» አለችኝ።

«እንዴት አያይሽም?» አልኳት። «አንድ ሰዓት እኮ ነው።»